የፈንታነሽ ምላስ፣ የሙላቴ ፊኛ

ፈንታነሽ በሕይወቷ ሰው ሰድባ አታውቅም። እሷ የምታመሰግን ሴት ናት። ጎረቤት አጥሩን አላልቶ ቢያጥር፣ «እጅህ ይባረክ፤ የሰው ላም ሳትጎዳ እንድትገባ አስበህ ነው» ትላለች። በሠርግ የቀረበላት ጠላ ቢቀጥንባት፣ ዋንጫውን ወደ ብርሃን አንስታ፣ «ጎሽ፣ እንዲህ ጥርት ያለ ነገር ከምንጭ ካልሆነ አይገኝም» ብላ ትመርቃለች። ስለዚህ በደብረ ታቦር ዳር ባለችው ጋፋት ቁጣዋን የሚፈራ የለም፤ የሚፈራው ምስጋናዋ ነው። የተመሰገነ ሰው ቤቱ ገብቶ ጠላውን ያወፍራል፣ አጥሩን ያጠብቃል፣ ለጥቂት ቀንም በሌላ መንገድ ይዞራል።

ከዚህ ምስጋና ትልቁን ድርሻ ሲቀበል የኖረው ባሏ ሙላቴ ነው። መንግሥት የተለወጠ ሰሞን ቀበሌው ሊቀመንበር ሲፈልግ፣ ሰው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ መሬት ሲጭር ሙላቴ ዝንብ ሊያባርር እጁን ቢያነሳ ተመረጠ። ከሥልጣኑ ከወረደ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ ስብሰባ ግን ከደሙ አልወጣም። የዕድር ስብሰባ፣ የውሃ ኮሚቴ፣ የግጦሽ ጠብ፣ ባልና ሚስት ማስታረቅ፤ ወንበር ካለ ሙላቴ አለ። ከተቀመጠ ደግሞ አይነሳም። ሰብሳቢ ለውሃ ሽንት ሲነሳ ያየ ሕዝብ ሥርዓት ያጣል ብሎ ያምናል። ሌላው ሰው በየተራ ወደ ባሕር ዛፉ ሲመላለስ እሱ እንደ ተተከለ ምሰሶ ቁጭ ብሎ ይውላል።

«የኔ ባል» ትላለች ፈንታነሽ፣ «ሕዝብም ይይዛል፣ ሽንትም ይይዛል። ሁለቱንም መልቀቅ አይወድም።»

ስድሳውን ሲያልፍ ግን ነገሩ ተገላበጠ። ሙላቴ ከስብሰባ መሀል መነሳት ጀመረ። ሌሊትም ይነሳል፣ ቀንም ይነሳል፤ ተነስቶ የሚያመጣው ነገር ግን የለም። ከጓሮው ባሕር ዛፍ ሥር ሄዶ ረዥም ጊዜ ይቆማል፣ ያምጣል፣ ጠብ ጠብ ያደርግና ይመለሳል። ፈንታነሽ በር ላይ ሆና ታየዋለች።

«ዛፉን እየመረቅኸው ነው ወይስ እየገመገምኸው?»

«ብርድ ነው» ይላል ሙላቴ።

ደብረ ታቦር ብርድ ጠፍቶባት አያውቅም፤ ስለዚህ ለዚህ መልስ ማስተባበያ አይገኝለትም። የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤት ለቤት ስትዞር መጥታ፣ «አያ ሙላቴ፣ ሽንት ሲወጣዎት ይቸገራሉ?» ብትለው፣ «እኔ? እንደ ጉማራ ወንዝ ነኝ» አላት። ልጅቷም ደስ ብሏት ሄደች።

የጉማራ ወንዝ የደረቀው በክረምት መግቢያ ላይ ነው። ዕለቱ የግጦሽ ወሰን ክርክር የነበረበት ቀን ነበር። ሙላቴ ጠላውን ጠጥቶ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ ወንበሩ ላይ ተተከለ። ሰዉ ተናግሮ ተናግሮ ሲበቃው ተነስቶ ወደ ዛፉ ሄደ፤ ሄዶም ቆመ፤ ቆሞም ቀረ። ጠብ የሚል ነገር ጠፋ። ቤቱ የገባው እንደ ማጭድ ጎብጦ ነው።

ወዲያው የጋፋት ሐኪሞች ተሰበሰቡ። ጎረቤቱ እሸቴ ተልባ ይጠጣ አለ። ጎረቤቲቱ ጌጤ የሞቀ ድንጋይ ይታቀፍ አለች። አንዱ መንገደኛ ደግሞ ምን እንደሆነ እንኳ ሳይጠይቅ ትንሽ ይሩጥ አለ። ሙላቴ ሆዴን ብቻ ነው ያመመኝ ስላላቸው ሁሉም ሆድ ያክማል። መውጫ ያጣ ሰው ላይ ተልባ በገንቦ ተጨመረበት፤ ቀትር ሲያልፍ ከእምብርቱ በታች ያለው ሆዱ እንደ ከበሮ ተነፋ።

ሰው ሲወጣለት ወደ ሚስቱ ዞረ። «ፈንቴ፣ ለማንም እንዳትናገሪ» አላት፤ ይህን ያለው ግን ከታች ሰፈር በሚያሰማ ጩኸት ነው።

«እኔ ምን እናገራለሁ? አንተው እየተናገርኸው» አለችና ነጠላዋን አነሳች። «ተነስ፣ ሆስፒታል እንሄዳለን።»

ሙላቴ ሞትንም ሆስፒታልንም በቅድመ ሁኔታ የሚቀበል ሰው ነው። ለሚጠይቅ ሁሉ ጥርሱን አሞት ሄደ እንዲባል አስማማት። እሷም ተስማማች። ባጃጅ ተጠራ። መንገዱ ዝናብ የበላው ነበርና በየጉድጓዱ ባጃጁ ሲነጥር ሙላቴ በስመ አብ ይላል።

«አባባን ምን አግኝቷቸው ነው?» አለ ባለባጃጁ በመስተዋቱ እያየ።

«ጥርሴን ነው» አለ ሙላቴ፣ በሁለት እጁ የሆዱን ሥር እንደ ጨበጠ።

«ወደ ታች ወርዶበት ነው» አለች ፈንታነሽ።

ሆስፒታል ሲደርሱ አንድ ወጣት ሐኪም ሆዱን ዳበስ አድርጎ ወዲያው ቱቦ ይግባለት ብሎ ሄደ። ዕቃዋን በትሪ ይዛ የመጣችው ሲስተር ነስሪን ነበረች፤ የደብረ ታቦር ልጅ፣ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ ያሰረች፣ ፈጠን ፈጠን የምትል። ቱቦው በየት እንደሚገባ ስትነግረው ሙላቴ ሕመሙን ረስቶ ቀና አለ።

«ወንድ የለም እዚህ ቤት?»

«አለ አባቴ። ስብሰባ ላይ ነው።»

«መቼ ይወጣል?»

«ሰብሳቢው ሲነሳ» አለች ነስሪን እጇን እየታጠበች።

ፈንታነሽ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሙላቴ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ስብሰባን የረገመው ያን ቀን ነው። ረግሞ ሲጨርስ፣ «በይ ልጄ፣ እንደ ፍጥርጥርሽ» ብሎ ተጋደመ።

ነስሪን ጓንቷን አጠለቀች፣ ቦታውን አጠበች፣ ማደንዘዣ ቅባት አደረገች፣ ቀስ ብላ ቱቦውን ሰደደች። «ይተንፍሱ አባቴ፣ በረዥሙ» ትለዋለች። እሱ ትንፋሹን ይይዛል፤ መያዝ ልማዱ ነው። ከዚያ ድንገት ቱቦው ውስጥ ቢጫ ውሃ ሮጠ። ከረጢቱ ሲሞላ፣ የሙላቴ ፊት ሲፈታ፣ ሆዱ ሲጎድል ፈንታነሽ ቆማ አየች። ሰውየው አለቀሰ። እያለቀሰም ነስሪንን መረቃት፤ ወልደሽ ሳሚ፣ ዘርተሽ ቃሚ፣ ጠላትሽ ይጥፋ፣ የያዝሽው ይባረክ እያለ ምርቃቱን አወረደው።

«ስወልድልህ እንኳን እንዲህ አልመረቅኸኝም» አለች ፈንታነሽ። «ለካ የቸገረኝ ቱቦ ነው።»

ነገሩ የፕሮስቴት ዕጢ ሆኖ ተገኘ፤ በዕድሜ የሚያብጥ፣ የሽንቱን መውጫ የሚያንቅ። ቀዶ ሕክምናው ባሕር ዳር ነው፣ ባሕር ዳር ደግሞ ወረፋ አለው፤ ወረፋው እስኪደርስ ሙላቴ ከነቱቦው ቤቱ ይቀመጣል። ነስሪን ሙላቴን አስቀምጣ ሁለቱንም አስረዳች።

«አባቴ፣ ቱቦው ዝም ብሎ የተሰካ እንዳይመስልዎት። ጫፉ ላይ ትንሽ ፊኛ አለች፤ ውሃ ሞልተንባታል፤ እንዳይወጣ የያዘችው እሷ ናት። ከጎተቱት ውስጥዎ ይቆስላል።»

«ፊኛዬ ውስጥ ሌላ ፊኛ?»

«አዎ። ከረጢቱ ደግሞ ሁልጊዜ ከሆድዎ ዝቅ ይበል። ከፍ ካደረጉት የወጣው ሽቅብ ተመልሶ ይገባል፤ ጀርም ይዞ ነው የሚገባው። መሬትም አይንካ። ሳይሞላ ያፍስሱት፣ ከማፍሰስዎ በፊትም በኋላም እጅ በሳሙና። መግቢያውን በየቀኑ ይታጠቡ። ቱቦው አይታጠፍ፣ አይታሰር። ውሃ ደግሞ ይጠጡ፣ በደንብ ይጠጡ።»

ሙላቴ ራሱን እየነቀነቀ ሰማ። ሲነቀንቅ ያየው ሁሉ የገባው ይመስለዋል፤ ፈንታነሽ ግን ይህን አነቃነቅ ታውቀዋለች። ከወረዳ የመጣ መመሪያ ሲነበብለት የሚነቀንቀው ነው።

እንደጠረጠረችውም ሆነ። ቤቱ በገባ ማግስት ከረጢቱ ሽቅብ ጉዞ ጀመረ። ሰው ከመጣ ጋቢው ውስጥ ይከተዋል፤ ከጭኑ ወደ ሆዱ፣ ከሆዱ ወደ ብብቱ ያወጣዋል። ፈንታነሽ ታወርደዋለች፣ እሱ መልሶ ይሰቅለዋል።

«ዝቅ አድርገው ተብለሃል።»

«ሰው ያየዋላ።»

«እውነትህን ነው። ብብትህ ሥር ሲሆን ግን ማንም አያይም፤ ሰው የሚመስለው ዶሮ ሰርቀህ ነው።»

ውሃውንም ተወ። የማይገባ አይወጣም የሚል ስሌት አገኘ፤ ውሃ ካልጠጣ ከረጢቱ አይሞላም፣ ካልሞላ አይታይም። ፈንታነሽ ጣሳውን ይዛ ስትለምነው ትውላለች። «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር» ትለዋለች። ሽንቱ እየወፈረ፣ እየጠቆረ፣ እየሸተተ ሄደ።

የጥርሱ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ መከራ ሆነ። ጠያቂ ሁሉ ለጥርስ በሽተኛ የሚሆን ነገር ይዞ ይመጣል። ጌጤ ሳያኝክ ይዋጥ ብላ አጥሚት አመጣች። እሸቴ ቅርንፉድ አመጣና አፍህን ክፈት አለው። ሙላቴ አንዴ ግራ ጉንጩን፣ አንዴ ቀኝ ጉንጩን ይይዛል።

«ትናንት በግራ ነበር» ትለዋለች ፈንታነሽ ጠያቂው ፊት። «ይዞራል መሰለኝ።»

እንዲህ ሲል ሰነበተና ከሐሙሲት ማዶ የሽምግልና ጥሪ መጣ። ሁለት ቤተ ዘመድ በአንድ በሬ ተጣልተው ሙላቴ ካልዳኘን አንታረቅም ብለዋል። ፈንታነሽ ጥሪውን ስትሰማ ባሏ እንደሚሄድ አወቀች፤ ያላወቀችው በምን ዘዴ እንደሚሄድ ነው። ጠዋት ስትገባ ከረጢቱን ነቅሎ ጥሎ፣ የቱቦውን ጫፍ አጥፎ፣ በጋቢ ክር ግጥም አድርጎ ሲያስረው ደረሰች።

«አንተ ሰው፣ ሲስተሯ አይታሰር ብላለች።»

«ሲስተሯ ሽማግሌ ሆና ታውቃለች?»

ፈንታነሽ ባሏን አንተ የምትለው ሲደላት ነው። ሲመርራት አንቱ ትለዋለች።

«ይሂዱ እንግዲህ ጌታዬ። ፊኛዎትን እንደ ጤፍ ጆንያ ቋጥረው ይሂዱ። ሲመለሱ እኛ እንሰፍረዋለን።»

ሄደ። ሽምግልናው ላይ እንደ ወጉ ሁሉም ተናገረ፤ የበሬው እናት እንኳ ታሪኳ ተነገረ። ሙላቴ መጀመሪያ በእርጋታ ሰማ፣ ከዚያ ላብ አጠመቀው፣ ከዚያ የወንበሩን ክንድ መጨበጥ ጀመረ። ሁለተኛው ተናጋሪ ወደ ነገሩ መነሻ ልመለስ ሲል ሙላቴ ብድግ አለና፣ «በሬው ይሸጥ፣ እኩል ተካፈሉ፣ ተሳሳሙ፣ አሜን» ብሎ ወጣ። ተጣዪዎቹ ደንግጠው ተሳሳሙ። እስከ ዛሬ በዚያ አገር ሙላቴ ካስታረቀው ሁሉ ያ ዕርቅ ተወዳዳሪ የለውም ይባላል።

ማታ ክሩ ተፈታ፣ ከረጢቱም ተመልሶ ተሰካ፤ የወጣው ግን ደም የቀላቀለ ድፍርስ ነገር ነበር። በነጋታው ጠዋት ሙላቴ ጥርሱን እያንቀጫቀጨ ነቃ። ይንቀጠቀጣል፣ ገላው እሳት ነው። ፈንታነሽ ጋቢ ደረበችለት። ዓይኑን ገልጦ አያት፤ አላወቃትም።

«ምልዓተ ጉባኤ ተሟልቷል?» አላት።

ፈንታነሽ አፏን ከፈተች። በዘመኗ ሁሉ እንዲህ የተመቸ ነገር ተነግሯት አያውቅም ነበር፤ እሷ ግን ቀልዱን ተወችው። እጁን ያዘች፤ እጁ አቃጠላት። «ተሟልቷል» አለችው፤ «ሁላችንም አለን።» ከዚያ ወጥታ እሸቴን በስሙ ጮኻ ጠራችው።

እሸቴና ሁለት ሰዎች ተሸክመው ሲያወጡት ጋቢው ተንሸራተተ፤ ከረጢቱ በመላው ጋፋት ፊት ተወዛወዘ። እሸቴ አየው፣ ፈንታነሽን አየ።

«ጥርሱ ይህ ነው?»

«አዎ፣ የመንጋጋው ነው» አለች። እያለቀሰች ነበር ያለችው።

ሆስፒታል አስተኙት። አሮጌው ቱቦ ወጥቶ አዲስ ገባ፣ መድኃኒት በደም ሥሩ ተሰጠው፣ ጉሉኮስ ተሰቀለለት። ነስሪን የታሰረበትን ምልክት ቱቦው ላይ አይታ ብዙ አልተናገረችም፤ «ኢንፌክሽኑ ወደ ደም ሄዶ ነበር፤ ባይመጡ ኖሮ እናጣቸው ነበር» ብቻ አለች። ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው የሚባለው ለሙላቴ የተተረተ ይመስላል፤ ትኩሳቱ ሲለቀው ከረጢቱን ዝቅ አድርጉልኝ ብሎ ራሱ ጠየቀ። ውሃም ለመነ።

ፈንታነሽ አስታማሚ ሆና ከጎኑ ቆመች። ቆመች የምለው እውነት ስለሆነ ነው፤ ወንበር እያለ አትቀመጥም። ነስሪን ይህን አየች። አንድ ቀን ፈንታነሽ የውሃ ባልዲ ስታነሳ ሳል ይዟት ባልዲውን አስቀመጠችና፣ ቀሚሷን ሰብስባ፣ ፊቷን አጥቁራ ወደ ውጭ ፈጠነች። ስትመለስ ነስሪን ኮሪደሩ ላይ ጠበቀቻት።

«እናቴ፣ እርስዎስ?»

«እኔማ ደህና ነኝ። እኔ ደህና ባልሆን ይህን ሊቀመንበር ማን ይሸከመዋል?»

ነስሪን አልሳቀችም። አልሄደችምም። ፈንታነሽ የማይስቅና የማይሄድ ሰው አጋጥሟት አያውቅም ነበር። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞራ፣ በዝቅታ፣ ለማንም ነግራው የማታውቀውን ነገረቻት።

የመጨረሻ ልጇን ማሬን ስትወልድ ምጡ ጠንቶባት ነበር። አራስነቷን ሳትጨርስ ድንች ተሸክማ ገበያ ወጣች፤ ሙላቴ ስብሰባ ነበረበት። ከዚያ ወዲያ ማሕፀኗ ወደ ታች ወረደ። ስትቆም ይወጣል፣ ስትተኛ ይገባል። ስትስል ሽንቷ ያመልጣታል፣ ስታነጥስ ያመልጣታል፣ ስትስቅ ያመልጣታል። ጋፋት ሰው እያሳቀች እሷ የማትስቀውን ኩራት ነው ይላል፤ ሳቅ ምን ያህል እንደሚያስከፍላት የሚያውቅ ግን የለም። ከሥር ጨርቅ ትደራርባለች፤ መቀመጫ እንዳታርስም ሰው ፊት አትቀመጥም። ቤተ ክርስቲያን ከቅጥሩ ውጭ ተሳልማ ትመለሳለች። ሙላቴ ማንኮራፋቱ አስቸግሯት ለብቻዋ የምትተኛ ይመስለዋል፤ እሷም ማንኮራፋትህ ነው ብላዋለች። የባሏን ከረጢት ስትሳለቅበት የከረመችው ሴት የራሷን ከቀሚሷ ሥር ይዛ ሃያ ዓመት አልፏታል።

«የሚታከም ነገር ነው» አለች ነስሪን። «ብዙ ሴት አለ እንዲህ የሆነ። በዚህ ሳምንት ብቻ ስንት አየሁ። ባሕር ዳር ይሠሩታል።»

«እረግ! በዚህ ዕድሜዬ?»

«አያ ሙላቴ በየትኛው ዕድሜያቸው ነው የሚሠሩት?»

ፈንታነሽ በሰው አፍ ስትሸነፍ ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ወደ ምርመራው ክፍል ተከተለቻት።

ለሙላቴ መንገር ግን ከምርመራው ይልቅ ከበዳት። ሐኪሙ ባልና ሚስቱን አንድ ላይ ወደ ባሕር ዳር እልካለሁ ስላለ መደበቂያ አልነበራትም። አልጋው ጠርዝ አጠገብ ቆመች።

«ሙላቴ፣ እኔም ጥርሴን ያመኛል።»

ሰውየው መጀመሪያ አፏን አየ። ቀጥሎ ዓይኗን አየ። ቀስ ብሎ ገባው።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ማሬን ከወለድሁ።»

«ማሬ እኮ ራሷ ወልዳለች።»

«አዎ። ጊዜው ይሮጣል።»

ሙላቴ ከረጢቱን ተመለከተ፣ ጣሪያውን ተመለከተ። «ለምን አልነገርሽኝም?» አላት።

«ስብሰባ ላይ ነበርህ።»

ይህን ያለችው ያለ ምንም ምላስ፣ ያለ ምንም ምስጋና ነው። ማታ ምግብ ስታቀርብለት እጇን ያዘና፣ «ቁጭ በይ፤ ልብስሽ ቢረጥብ ይረጥባል፣ ቁጭ በይ» አላት። አልጋው ላይ ከጎኑ ተቀመጠች።

ባሕር ዳር የሄዱት ከወራት በኋላ ነው፤ ወረፋ ባልና ሚስት ነን ስላሉት አያጥርም። ማሬ ከሐሙሲት ልጇን አዝላ መጥታ አስታመመቻቸው። መጀመሪያ ሙላቴ ተሠራ፤ ከቀናት በኋላ ቱቦው ወጣ። ከወጣ በኋላ ደግሞ ሌላ ጉድ፤ መያዝ የኖረበት ሰው መያዝ አቃተው። ጠብ ጠብ ይልበታል። ነርሷ ሽንትዎን እንደሚያቆም ሰው ጨብጠው ይያዙ፣ ከዚያ ይልቀቁ፣ በየቀኑ ይለማመዱ አለችው። ሙላቴ ልምምዱን እንደ ስብሰባ ያዘው፤ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ግንባሩን ቋጥሮ ይቀመጣል። ማሬ አባቷ የሚጸልይ መስሏት ልጇን ዝም ታሰኛለች።

ቀጥላ ፈንታነሽ ተሠራች። ከቀዶ ሕክምናው ስትነቃ ከአልጋዋ ጎን የተንጠለጠለ ነገር አየች፤ ቱቦና ከረጢት። ከቱቦው አጠገብ ደግሞ ሙላቴ።

«እንዳትጎትችው» አላት። «ጫፉ ላይ ፊኛ አለች።»

«አውቃለሁ።»

«ውሃ ጠጪ። ቱቦው ላይ አትተኚበት። ከፍ እንዳታደርጊው፤ ሽቅብ ይመለሳል።»

ሙላቴ በዚህ አላበቃም። በጠያቂ ሰዓት ክፍሉን ዞሮ የየአልጋውን ከረጢት መረመረ። አንዷ መሬት የነካባትን፣ «እናቴ፣ ይህ ነገር መሬት አይነካም» አላት፤ አንዷ ከትራሷ ጎን ያስቀመጠችውን እጁን ታጥቦ ራሱ አወረደላት። ሴቶቹ የመጡት ትልቁ ዶክተር ናቸው ብለው ከአልጋቸው ሊነሱ ቃጡ።

«እንኳን ለዚህ ሹመት አበቃህ» አለች ፈንታነሽ፤ አለችና ራሷ ሳቀች። ስፌቱ ወጋት፤ ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እየፈሰሰ፣ ማሬ ደንግጣ ነርስ እስክትጠራ ድረስ ሳቀች። ማሬ እናቷ ስትስቅ አይታ አታውቅም ነበርና መድኃኒቱ አልተስማማትም ብላ ነው የጠራችው።

ጋፋት ተመልሰው የመጀመሪያው የዕድር ስብሰባ ላይ ሙላቴ ተነስቶ ሁሉንም ተናገረ። እንደ ልማዱ አስረዘመው፤ ዕጢውን፣ ቱቦውን፣ ክሩን፣ ትኩሳቱን በተራ በተራ አወራ። ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው መሬት ጫሩ። ማንም ምንም አልጠየቀም። ሳምንት ሳይሞላ ግን እሸቴ በጓሮ በኩል መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ያ ያንተ ጥርስ ሲጀምር እንዴት አድርጎ ነበር የጀመረህ?» አለው። ጌጤም ፈንታነሽን ከወንዝ መንገድ ላይ ጠብቃ እንዲሁ የሚመስል ነገር ጠየቀቻት። ሁለቱም ሆስፒታል ሄዱ። እሸቴ በኪኒን ብቻ ተመለሰ፤ ጌጤ ወረፋ ይዛለች።

ሙላቴ ፈጽሞ እንደ ድሮው አልሆነም። አሁንም ሲያስነጥስ ትንሽ ያመልጠዋል። ስብሰባ ላይ ግን ሲመጣበት ተነስቶ ይሄዳል፤ ሕዝቡም ሥርዓት አላጣም፣ እንዲያውም እሱ ሲወጣ ነገሩ ቶሎ ያልቃል።

ፈንታነሽን ሐኪሞቹ ከባድ ነገር እንዳታነሺ ብለዋታል። የዘንድሮው ድንች ሲወጣ ከማሳው ዳር ድንጋይ ላይ፣ ፀሐይ እየሞቀች፣ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠች። ሙላቴ ቆፍሮ፣ ለቅሞ፣ ጆንያውን በትከሻው አንጠልጥሎ ወደ አህያው ያዘግማል፤ ግማሹ ድንች ከተቀደደው ጆንያ እየተንጠባጠበ ከኋላው ይከተለዋል።

«እጅህ ይባረክ» አለችው ከድንጋዩ ላይ ሆና። «ስትመለስ መንገዱ እንዳይጠፋህ ምልክት እየጣልህ ነው።»

ሙላቴ ጆንያውን አወረደ፣ ዞሮ ድንቹን እያየ ወገቡን ያዘ። «አንቺ ደግሞ እዚያ ሆነሽ አትመሪኝ» አላት።

«ምን ላድርግ፣ ሐኪም ነው ያዘዘኝ» አለችና ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አድርጋ ተመቻቸች።